ሦስት ጉብታዎች በባዶው መስመር ላይ

ሥራዬ መለካት ነው። ያልለካሁትን ነገር እውነት ነው ብዬ አላውቅም።

ይህን ግን ለክቼዋለሁ... አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም።

ቦታው ጎንደር ነው። ወሩ ግንቦት፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። በመስኮቱ የምትገባው ፀሐይ ጠረጴዛዬን ታሞቀው ነበር።

ጨለማ ቢሆን ኖሮ ዓይኔ ነው እል ነበር።

አምሳል እባላለሁ። አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ፕላስቲክና ናይለን እመረምራለሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጽፍም፤ የማከብራቸው ሰዎች ዛሬም እዚያው ይሠራሉ።

ባለቤቴ አስማረ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ስለ እሱ ማውራት አልወድም። እዚህ የማነሣው ያለ እሱ ታሪኩ ስለማይነገር ነው።

አስማረ የውሃ ጉድጓድ ያስቆፍር ነበር። በደምቢያ ሜዳ፣ ከኮላ ድባ ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ የሚቆፈረውን ሊያይ ራሱ ወረደ። ሲያወጡት ገመዱ ተበጠሰ አሉኝ።

የሬሳ ሳጥኑን አልከፈቱልኝም። "ፊቱ አይታይም" አሉኝ።

እሺ አልኩ። ሰው ፊት አላለቀስኩም። ለቅሶዬን ለማንም አላሳየሁም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ኋላ ያስፈልጋችኋል።

ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሰው ቢጮህ ድምፁ እላይ ሲደርስ ቃሉ አይለይም። ስለዚህ የሚነጋገሩት በገመዱ ነው። ከታች ሁለት ጊዜ ከተሳበ "ባልዲው ሞልቷል" ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ከተሳበ "አውጡኝ" ነው።

ከላይ ያሉት መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። አንድ ጊዜ ይስባሉ። "ሰምተናል፣ ጠብቅ" ማለት ነው።

አስማረ ይህን ቤታችን ድረስ አመጣው። ሠርግ ቤት ወይም ማኅበር ተቀምጠን ጨዋታው ሲረዝምበት፣ የነጠላዬን ጫፍ ከጠረጴዛው ሥር ሦስት ጊዜ ይስባል።

አውጪኝ!

እኔም እጅጌውን አንድ ጊዜ እስባለሁ። ጠብቅ። ትንሽ ቆይቼ "ራሴን አሞኛል" ብዬ እነሣለሁ። የእኔን ራስ ምታት የማያውቅ ዘመድ አልነበረም።

ወደዚያ ቀን ልመለስ።

ጠዋት፣ ገና ጋዋኔን ሳልቆልፍ፣ ጎሹ መጣ። የአስማረ ታናሽ ወንድም ነው። ገበሬ ነው፤ ጎንደር ሲመጣ ሁልጊዜ እንደ ተቸኮለ ሰው ነው የሚቆመው። ከቦርሳው በላስቲክ የተቋጠረ ቁራጭ ገመድ አወጣ።

"እታለም፣ እስቲ ይችን እይልኝ።"

"ምንድን ናት?"

"አስማረ ከወረደበት ጥቅል የተቆረጠች ናት። የተረፈው ቤት ተቀምጦ ነበር። ፀሐይም አልነካውም።"

"ምን ልታደርግበት ነው?"

ወለሉን አየ።

"ነገ ጠዋት እወርዳለሁ። ጉድጓዱን ልጨርሰው።"

"ምነው ጎሹ! እዚያ ጉድጓድ ውስጥ?"

"ሴቶቹ ለአንድ እንስራ ውሃ ወንዝ ሲወርዱ ይውላሉ። ዝም ብሎ አፉን ከፍቶ የተቀመጠ ጉድጓድ..." አልጨረሰውም። "አንቺ የገመድ ነገር ታውቂያለሽ። ሸጋ ነው ካልሽኝ እወርዳለሁ። አትውረድ ካልሽኝ አልወርድም። አንቺ ያልሽው ነው።"

"ሌላ ገመድ ግዛ።"

"አይሆንም። በዚሁ ነው የምወርደው።"

ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። አብራኝ የምትሠራው እፀገነት ሻይ ልታመጣለት ስትነሣ እሱ በሩን አልፎ ነበር።

"አምሳልዬ፣ ዋርሳሽ ነው? ሰውዬው ሻይ ይፈራል እንዴ?" አለች።

"ይቸኩላል።"

"መኪናውን ሞተሩን ሳያጠፋ ውጭ ያቆመ ይመስላል እኮ።"

ሳቅኩ። የዚያን ቀን የመጨረሻ ሳቄ ነበር።

ቁራጩን ከላስቲኩ አውጥቼ አየሁት። ናይለን ሲቆረጥ ጫፉ እንዳይተረተር በእሳት ይለበለባል። ጎሹም ለብልቦታል፤ ሁለቱም ጫፍ ጠቁሮ ጠጥሯል። አስማረ እንዲህ አያደርግም ነበር። "እሳት ገመድን ያስረጀዋል" እያለ ጫፉን በሰማያዊ ክር ይጠመጥም ነበር።

ጥቂት ክሮች ነቀልኩ። ማሟሚያው ፈሳሽ ውስጥ ጨመርኳቸው። የቀረውን ወደ ላስቲኩ መልሼ ቋጠርኩት።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ናይለን ፖሊመር ነው፤ ፖሊመር ደግሞ ረጅም ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ረጅም ከሆነ ገመዱ ጠንካራ ነው። ፀሐይና ዕድሜ ሰንሰለቱን ይበጣጥሱታል፤ ገመዱ ግን ከውጭ ሲያዩት ያው ነው።

ይህን የምናየው በክሮማቶግራፊ ነው። የሟሟውን ናይለን በአንድ የብረት ቱቦ ውስጥ እናሳልፈዋለን። ቱቦው ቀዳዳ ባላቸው ጥቃቅን ዶቃዎች የተሞላ ነው።

ቅዳሜ ገበያን አስቡ። ጭነት የያዘ ግመል የትም ሱቅ መግባት አይችልም፤ በመሃል ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ ቀድሞም ይወጣል። ልጅ ግን በየሱቁ እየገባ፣ በየበሩ እየቆመ፣ መጨረሻ ላይ ይወጣል።

ቱቦውም እንደዚያ ነው። ረጅሙ ሰንሰለት ቀድሞ ይወጣል። አጭሩ ይዘገያል። የሚወጣ ነገር ባለ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ላይ ያለው መስመር ጉብ ይላል።

ከሁሉ ትንሹ ከወጣ በኋላ ግን... ምንም አይወጣም። ሊወጣ የሚችል ነገር የለም።

ስምንት ሰዓት ላይ የጎሹ ናሙና ወደ ማሽኑ ገባ።

ጉብታው ቀድሞ ወጣ። አንድ፣ ከፍ ያለ፣ ጥርት ያለ።

እፀገነት በትከሻዬ ላይ አየች። "ወይ ገመድ! ፋሲልን ከነግንቡ ያነሣል!"

ገመዱ ሙሉ ጤነኛ ነበር። እንዲህ ያለ ገመድ አንድ ሰው ተንጠልጥሎበት አይበጠስም። ሁለት ሰውም ቢሆን።

ታዲያ ለምን ተበጠሰ?

ከእያንዳንዱ ናሙና በኋላ ባዶ ሙከራ እናደርጋለን። ምንም ያልሟሟበትን ንጹሕ ፈሳሽ እናሳልፋለን። መስመሩ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት።

ቀጥ ብሎ ሄደ።

ሄደ... ሄደ...

መጨረሻ ላይ፣ ምንም ሊወጣ በማይችልበት ቦታ፣ ጉብ አለ።

ከዚያ ደግሞ ጉብ አለ።

ከዚያ ደግሞ።

ሦስት። ቀጫጭን፣ እኩል፣ ተከታታይ። ከዚያ መስመሩ ጸጥ አለ።

"ቱቦው ቆሽሿል፣" አለች እፀገነት።

"ቆሽሿል፣" አልኩ።

አጠብነው። በደንብ ነው ያጠብነው። ባዶውን ደገምነው።

ሦስት ጉብታ። እኩል፣ ተከታታይ።

ግን አሁን ቀደም ብለው ነው የወጡት።

እጄን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩ። በዚህ ቱቦ ውስጥ ቀድሞ የሚወጣ ነገር ትልቅ ነገር ነው።

"የናሙና ጠርሙሱን አውጪው፣" አልኩ።

"ምን እናስገባ?"

"ምንም።"

ጠርሙሱን አወጣች። ማሽኑ ምንም አልወሰደም። ሁለታችንም ቆመን መስመሩን አየን። የሚሰማው የፓምፑ ድምፅ ብቻ ነበር። ሁልጊዜ ይሰማል፤ ለጆሮዬ አዲስ አይደለም። ያን ጊዜ ግን... ሳብ ያደርግና ይቆማል። ሳብ ያደርግና ይቆማል። እንደደከመው ሰው።

ጉብ። ጉብ። ጉብ።

ከበፊቱም ቀደም ብሎ።

እፀገነት መሳቋን ተወች። "አምሳልዬ..." አለች በሹክሹክታ። "እሱን ላስቲክ አንቺ ነሽ ውሃ ያስነካሽው?"

ዞሬ አየሁ።

የገመዱ ቁራጭ ያለበት ላስቲክ ከውስጥ በኩል በላብ ተሸፍኗል። አንድ ሰው ውስጡ ሆኖ የሚተነፍስበት ይመስላል።

ፈታሁት። የዋልካ ጭቃ ሸተተኝ፤ ከጥልቅ ቦታ የወጣ፣ ቀዝቃዛ ጭቃ።

ገመዱን አወጣሁት። አንዱ ጫፍ ጥቁር ነው፤ ጎሹ የለበለበው።

ሌላው ጫፍ በሰማያዊ ክር ተጠምጥሟል።

እንዴት ወደ ስልኬ እንደደረስኩ አላስታውስም። ጎሹ አነሣ። ነፋስ ይሰማል፤ ሜዳ ላይ ነው።

"እታለም! ምን አለሽ ማሽኑ?"

"ገመዱ ጤነኛ ነው።"

"ተመስገን።"

"ጎሹ... እንዲህ ያለ ገመድ በአንድ ሰው አይበጠስም።"

ነፋሱ ብቻ።

"ጎሹ?"

"እሰማሻለሁ።"

"አስማረ ያን ቀን ስንት ጊዜ ሳበ?"

"ምነው አሁን እንዲህ ያለ..."

"ስንት ጊዜ?"

"ሦስት፣" አለ። ድምፁ አነሰ። "ሦስት፣ ደግሞ ሦስት፣ ደግሞ ሦስት።"

ሁለት ዓመት ይዤው የኖርኩት ለቅሶ መጣ። ልመልሰው ሞከርኩ። አልተመለሰም።

"አትውረድ፣" አልኩት። አለቀስኩ። እፀገነት እያየችኝ፣ ጎሹ እየሰማኝ፣ ጮክ ብዬ አለቀስኩ። "በአስማረ ሞት፣ አትውረድ! አንተንም ልቅበር? እያስጠነቀቀህ ነው፣ ጎሹ። አትውረድ!"

"እሺ እታለም። እሺ። አታልቅሺ።"

"ማልልኝ።"

ቆየ... በጣም ቆየ።

"አልወርድም። ይኸው ማልኩ።"

ስልኩን ዘጋሁት። አዳንኩት ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ባዶው ሙከራ ላይ ምንም አልታየም። መስመሩ ቀጥ አለ። እፀገነት "ቱቦው ውስጥ የሆነ ነገር ተሰንቅሮ ነበር፤ ወጣ" አለች። እኔም ልቀበላት ፈለግኩ።

እሑድ ጎሹ ፀዳ ከተማ ወዳለው ቤቴ መጣ። በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ ያዞራል፤ ይመልሳል፤ ደግሞ ያዞራል።

"ጉድጓዱ ተደፈነ፣" አለ።

"ማን ደፈነው?"

"መንደሩ። 'የአስማረ ሚስት፣ ያች ድምፅዋ የማይሰማው፣ አልቅሳ ለመነች' ብዬ ነገርኳቸው። የመንደሩ ሽማግሌ አያ ፋንታሁን 'እንግዲያ ይበቃል፣ ይደፈን' አሉ። በጋሪ ድንጋይ ሲያመላልሱ ዋሉ። የተረፈውን ገመድም እሳቸው ከነጥቅሉ ጉድጓዱ ውስጥ ወረወሩት። 'ሰው የበላ ገመድ ቤት አይገባም' ብለው።"

"ሸጋ አደረጉ፣" አልኩ።

ጎሹ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ቀልቷል።

"አይደለም እታለም። ሸጋ አላደረጉም።"

"ምነው?"

"እኔ ለውሃ አልነበረም ልወርድ ያሰብኩት።"

ባርኔጣው ቆመ።

"ገመዱ አልተበጠሰም። ማሽንሽ እውነቱን ነው። ሦስት ሲስብ፣ ሁላችንም ያዝን። ስበን ስበን ግማሽ አደረስነው። ከዚያ ከበደ። የሰው ክብደት አይደለም እታለም። እኛ አምስት ወንዶች ነን... ወደ አፉ እየጎተተን ነበር። የፊተኛው እግሩ ጠርዙ ላይ ደርሷል። አያ ፋንታሁን ገመዱን በማጭድ ቆረጡት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ማን ይውረድ? ሁሉም እንቢ አለ። እኔም... እንቢ አልኩ።"

"የቀበርኩት ሳጥን..."

"አፈር ነው። ከጉድጓዱ የወጣ አፈርና ድንጋይ። 'የተማረች ናት፣ ታሳስረናለች' ተባባልን። አንቺ ደግሞ አልጮህሽ፣ ክፈቱልኝ አላልሽ..." ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ። "በዚያው በሱ ገመድ ላወጣው ነበር። ዐፅሙን እንኳ።"

አላለቀስኩም። ቁጭ ብዬ ግድግዳውን አየሁ።

አስማረ እያስጠነቀቀን አልነበረም።

አውጪኝ ነው ያለኝ። እንደ ድሮው። እኔ ደግሞ አስደፈንኩበት።

"ተነሥ፣" አልኩት።

በአዘዞ በኩል ሚኒባስ ይዘን ኮላ ድባ ደረስን። ከዚያ በእግር። ቀትር ነበር፤ ሜዳው ላይ ጥላ የሚባል የለም። ከብቶች በሩቅ ይግጣሉ። ወደ ጉድጓዱ አካባቢ ግን አንድም አልተጠጋም፤ ሣሩ እዚያ ሳይነካ ረዝሟል።

ጉድጓዱ እስከ አፉ በድንጋይ ተሞልቷል። በድንጋዮቹ መሃል የገመዱ ጫፍ ወጥቷል። ክንድ ያህላል።

"ይኸ ትናንት አልነበረም፣" አለ ጎሹ።

"አይተኸው ነበር?"

"እኔ ነኝ የመጨረሻውን ድንጋይ የጣልኩት። አልነበረም።"

ጫፉ በሰማያዊ ክር ተጠምጥሟል።

ተንበረከክኩ።

"እታለም፣ አትንኪው።"

ገመዱ ተንቀሳቀሰ።

አንዴ... ሁለቴ... ሦስቴ።

ጠጠሮች ወደ ድንጋዮቹ መሃል ሲንሸራተቱ ሰማሁ። ጎሹ "በስመ አብ" አለ።

ምን መመለስ እንዳለብኝ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ መሳብ ነው። ሰምቻለሁ፣ ጠብቅ። በየሠርጉ ቤት፣ በየማኅበሩ፣ ስንት ዓመት የመለስኩት መልስ ነው።

ገመዱን ያዝኩት። ቀዝቃዛ ነበር፤ እርጥብ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላኛው ጫፍ ላይ ሰው እንዳለ ተሰማኝ። ባዶውን ቤት አሰብኩ። "እሺ" እያልኩ ያሳለፍኩትን ሁሉ አሰብኩ።

እጄ ሳበ።

አንዴ።

ሁለቴ።

ሦስቴ።

"ምን አልሽው?" ጎሹ ክንዴን ጨበጠኝ። "እታለም! ምንድን ነው ያልሽው?"

ገመዱ ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ ከታች፣ ቀስ ብሎ፣ ተሳበ።

አንድ ጊዜ።

ጎሹ ጎትቶ አነሣኝ። እስከ መንገዱ ድረስ ሳንነጋገር ሮጥን። ወደ ኋላ አላየንም።

ጎሹ በነጋታው ካህን ይዞ ሄዶ ነበር። ገመዱ የለም አለኝ። ድንጋዮቹ እንዳሉ ናቸው፣ ገመዱ ግን የለም።

እኔ ሥራዬ ላይ ነኝ። ናሙና አስገባለሁ፣ ውጤት እጽፋለሁ። ከእያንዳንዱ ናሙና በኋላ ባዶ ሙከራ አደርጋለሁ።

ሦስቱ ጉብታዎች አልተመለሱም።

አንድ ነው የሚወጣው።

መጀመሪያ መስመሩ መጨረሻ ላይ ነበር። በማግሥቱ ትንሽ ቀደም አለ። ከዚያ ደግሞ ቀደም አለ። እፀገነት ማየት ትታለች፤ ባዶውን ሳስነሣ ውጭ ወጥታ በረንዳው ላይ ትቆማለች።

ትናንት ከረጅሙ ሰንሰለት ሁሉ ቀድሞ ወጣ። መስመሩ ገና ከመጀመሩ።

ዛሬ ማሽኑን አልከፈትኩትም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ፀሐይዋ ጠረጴዛዬ ላይ ናት። ይህን በስልኬ እየጻፍኩላችሁ ነው።

ነጠላዬን ጠዋት ከሳጥን አውጥቼ ነው የለበስኩት፤ የታጠበ፣ የተተኮሰ።

አሁን ሳየው ጫፉ እርጥብ ነው።

ዘርፉ ላይም... ሰማያዊ ክር ተጠምጥሟል።